አገር ከመስጠት በፊት፦ የዘመናዊ ፊዚክስ እንቆቅልሽ አያያዝ

በልጅነታችን «እንቆቅልህ» ስንባል «ምን አውቅልህ» እያልን፣ መልሱ ሲጠፋን ደግሞ ጎንደርን ወይም ሐረርን ለጠያቂው ሰጥተን እንገላገል የነበርን ሰዎች፣ ካደግን በኋላም ስለ ፊዚክስ ስንጨዋወት ያው ልማድ አልለቀቀንም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ ከአንዲት ቡና ቤት የምንሰበሰብ አራት ጓደኛሞች ነን፤ አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዷ የመድኃኒት ባለሙያ፣ አንዱ ጠበቃ ነው፣ እኔ የምተዳደረው በጽሑፍ አራሚነት ነው፤ በፊዚክስ የተመረቀ በመካከላችን የለም። ቀድሞ አንዳችን «ጊዜ ይዘገያል የሚባለው ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ወይ «ይህስ ለሊቃውንት ነው» ብለን አገር እንሰጥ ነበር፣ ወይ ከዩቲዩብ የለቀምነውን አስደናቂ አባባል እንደ መልስ እናቀርብ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የሚያዋጣ አያያዝ ለመድን፤ እዚህ የማቀርበው ያንኑ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደብተርና እርሳስ

ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የደብተር ገጽ ይመድቡ፤ በገጹ አናት ላይም ጥያቄውን በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። አማርኛ የምለው በቋንቋ ቅናት አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስን የተማርነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ቃሉን ማወቃችን ነገሩን ያወቅን ያስመስለናል፤ «ኳንተም» ወይም «ሪላቲቪቲ» ብሎ በልበ ሙሉነት የሚናገር ሰው ያንኑ ለእናቱ በሚያስረዳበት ቋንቋ ጻፍ ሲባል እርሳሱ ይቆምበታል። እርሳሱ የቆመበት ቦታ ትክክለኛው የጥያቄው መነሻ ነው።

ከዚያ በታች ሁለት ነገሮችን ይፈልጉ፦ ምን ተለካ፣ እና ምን ይጠበቅ ነበር። በፊዚክስ አብዛኛው እንቆቅልሽ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ ርቀት ነው፤ አንዱ ቁጥር ከቀድሞው ግንዛቤ የተሰላ፣ ሌላው በመሣሪያ የተገኘ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ሳይዙ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ፣ ጠበቃው ወዳጃችን እንደሚለው፣ የክስ ማመልከቻውን ሳያነቡ ለመከላከል መቆም ነው። ቁጥሮቹ ከተገኙ በኋላ ጥያቄው በየትኛው ወገን እንደሚመደብ መለየት ይቀላል፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ጥያቄ መልሱ ተገኝቶ ያለቀ ሆኖ እንግዳ ስለሆነብን ብቻ የሚያስደንቀን ነው፣ አንዳንዱ ለባለሙያዎቹም ክፍት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ በልኬቱ ሁሉም ተስማምቶ በትርጓሜው ብቻ የሚከራከሩበት ነው። እነዚህን ሦስቱን ማደባለቅ በቡና ቤት ክርክር የምሰማው ዋናው ስሕተት ነው።

ጊዜ፣ ከመስቀል አደባባይ እስከ እንጦጦ

በጊዜ ጥያቄ እንጀምር፤ ለአዲስ አበባ ሰው ከሌሎቹ ይልቅ ቅርብ ነውና። አስቀድሞ መወገድ ያለበት አንድ መምታታት አለ። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለውን ፈረንጅ 9 ሰዓት ይለዋል፣ የዘመን አቆጣጠራችንም ከእነርሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል፤ በዚህ የለመድን ስለሆንን «ጊዜ አንጻራዊ ነው» ሲባል ነገሩ የአቆጣጠር ልዩነት ይመስለናል። ይህ ግን ለአንድ ቅጽበት ሁለት ስም መስጠት ነው፤ ሰዓቱ የቆጠረው ሴኮንድ አንድ ነው። አንስታይን በ1905 እና በ1915 ያቀረበው ከዚህ የከበደ ነገር ነው፦ እኩል የተሠሩና አብረው የተነሡ ሁለት ሰዓቶች ተለያይተው፣ አንዱ ከፍ ካለ ቦታ ቆይቶ ወይም በፍጥነት ተጉዞ ተመልሶ ሲገናኙ፣ አንዳቸውም ሳይበላሹ የቆጠሩት የሴኮንድ ብዛት ይለያያል።

አሁን ቁጥሩን እንጻፍ። በምድር ገጽ አካባቢ አንድ ሜትር ከፍ ያለ ሰዓት ከታችኛው በ10,000 ትሪሊዮን አንድ እጅ ያህል ይፈጥናል። መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ያለ ሰዓት ምጽዋ ወደብ ላይ ካለው ጓደኛው በዓመት 8 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ይቀድማል፤ ማይክሮ ሴኮንድ የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከመስቀል አደባባይ በዓመት ሌላ 3 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ይጨምራል፤ ሰማንያ ዓመት ሙሉ እንጦጦ ላይ የኖረ ሰው ከታች ከኖረው መንትያው በሴኮንድ አንድ አራት ሺሕኛ ገደማ ይበልጥ ያረጃል ማለት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርደው ከተማይቱን ሲቆረቁሩ የቤተ መንግሥቱም ሰዓቶች በዚሁ ልክ መዘግየት ጀምረዋል፤ ያስተዋለ ግን ሊኖር አይችልም ነበር።

ይህ ሒሳብ ብቻ እንዳይመስልዎ ልኬቱን ከጎኑ ይጻፉ። በ1960 ፓውንድና ሬብካ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ22.5 ሜትር ከፍታ መካከል የጋማ ጨረር ድግግሞሽ (እያንዳንዱ ንዝረት እንደ ሰዓት ምት ይቆጠራል) እንዴት እንደሚለወጥ ለክተው ከስሌቱ ጋር የሚስማማ ውጤት አገኙ፤ በ2010 ደግሞ አንድ የአሜሪካ የልኬት ተቋም እጅግ ትክክለኛ ከሆኑ ሁለት ሰዓቶች አንዱን 33 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጎ ልዩነቱን አየ። ከዚያ በላይ የሚያሳምን ማስረጃ የሚሻ ሰው ታክሲ የሚጠራበትን ስልክ ያውጣ። ጂፒኤስ የሚሠራባቸው ሳተላይቶች በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲዞሩ፣ ስበቱ በመቀነሱ ሰዓታቸው በቀን 45 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ይቀድማል፣ በፍጥነታቸው ምክንያት ደግሞ 7 ያህል ይዘገያል፤ ተጣርቶ 38 ይቀራል። ብርሃን በአንድ ማይክሮ ሴኮንድ 300 ሜትር ስለሚሄድ፣ ይህ ልዩነት ባይታረም ስሕተቱ በቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይከማች ነበር፤ ካዛንቺስ ቆመው የጠሩት ሾፌርም በማግስቱ ከተማ ዳር ይፈልግዎት ነበር። መሐንዲሶቹ ሳተላይቱ ከመምጠቁ በፊት ሰዓቱን ሆን ብለው በዚያው ልክ ያዘገዩታል።

በፍጥነት ምክንያት የሚመጣውን መዘግየት ለመረዳት ደግሞ መዳፍዎን ዘርግተው ይመልከቱ። ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች ከባቢ አየራችንን ሲመቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ በዚህች ቅጽበትም በየሴኮንዱ አንድ ያህል በመዳፍዎ በኩል ያልፋል። የሙዮን አማካይ ዕድሜ 2.2 ማይክሮ ሴኮንድ ብቻ ስለሆነ፣ በብርሃን ፍጥነት አካባቢ እንኳ ቢጓዝ 660 ሜትር ያህል ሄዶ መጥፋት ነበረበት፤ በዚያ ስሌት አዲስ አበባ የሚደርሰው ከቢሊዮን ጥቂቱ ብቻ ይሆን ነበር። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻር ክፍለ ግዛት የሚገኘው ተራራ ዋሽንግተን 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተሠራ ሙከራ በአናቱ ላይ በሰዓት 563 ሙዮኖች ተቆጠሩ። ዕድሜያቸውን ብቻ ይዞ ያሰላ ሰው ከባሕር ጠለል ላይ 27 ያህል ይጠብቅ ነበር፤ የተቆጠሩት ግን 408 ሆኑ። የሙዮኑ ሰዓት ለእኛ ዘግይቷል። ከሙዮኑ ጋር ለሚጓዝ ተመልካች ደግሞ ሰዓቱ እንደወትሮው ነው፣ ያጠረው ተራራው ነው። ሁለቱ ታሪኮች ስንት ሙዮን እንደሚደርስ ሲያሰሉ አንድ ቁጥር ላይ ይገናኛሉ፤ እኔ ራሴ አንጻራዊነት የገባኝ ያህል የተሰማኝ እዚህ ነጥብ ላይ ስደርስ ነው። ስለዚህ ይህ ገጽ «እንግዳ ነገር ግን የተፈታ» በሚል ይዘጋል።

«መመልከት» የሚለው ቃል

በኳንተም፣ ማለትም በአቶምና ከዚያ ባነሱት ቅንጣቶች ፊዚክስ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በአንድ ቃል ነው፤ እኔም ለዓመታት ተሰናክዬበታለሁ። «ኤሌክትሮን ሲመለከቱት ጠባዩን ይለውጣል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንብቤ፣ መመልከት ማለት የሰው ዓይንና የሰው ሐሳብ መስሎኝ፣ ሐሳባችን ዓለምን ይሠራል ብዬ በየግብዣው እሰብክ ነበር። ዛሬ «ኳንተም» የሚለውን ቃል እየጠቀሱ ፈውስና ሀብት የሚሸጡ ሰዎችን ስሰማ ያ ስብከቴ ያሳፍረኛል። ከዚህ ስሕተት የሚያወጣው ዘዴ፣ ማንበብ ከመቀጠል በፊት በገዛ እጅ አንድ ነገር መለካት ነው።

በሌክቸር ጊዜ ስክሪን ላይ ለመጠቆም የሚያገለግለውን ትንሽ ቀይ ሌዘር ይግዙ፤ የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት ብዙውን ጊዜ 650 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) አካባቢ ነው፣ በተለጠፈበት ወረቀት ላይም ይገኛል። ካርቶን ላይ ቀዳዳ አበጅተው አንድ የራስ ፀጉር በቀዳዳው መካከል ወጥረው በፕላስተር ይለጥፉ። ክፍሉን አጨልመው፣ ከግድግዳው 3 ሜትር ርቀው ብርሃኑን በፀጉሩ ላይ ይልቀቁ፤ ወደ ማንም ዓይን እንዳይዞር፣ ለሕፃናትም እንዳይሰጥ ይጠንቀቁ። ግድግዳው ላይ አንዲት ጥላ ብቻ በጠበቁበት ቦታ፣ ብርሃንና ጨለማ እየተፈራረቁ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ነጠብጣቦች ያገኛሉ። ከመካከለኛው ሰፊ ብርሃን ውጭ ባሉት ተከታታይ ጨለማዎች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ። የሞገዱን ርዝመት በ3 ሜትሩ አባዝተው በለኩት ርቀት ሲያካፍሉ የፀጉሩ ውፍረት ይወጣል፤ ለምሳሌ ርቀቱ 2.8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ፀጉሩ የአንድ ሚሊ ሜትር 7 መቶኛ ገደማ ይወፍራል። ቶማስ ያንግ በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ብርሃን ሞገድ ነው ብሎ የተከራከረው በዚህ ዓይነት ፍርርቅ ላይ ተመሥርቶ ነው።

እስከዚህ ድረስ እንቆቅልሽ የለም። እንቆቅልሹ የሚጀምረው በ1989 ጃፓናዊው አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ፣ ሁለተኛው ሳይነሣ የመጀመሪያው እየደረሰ፣ ሁለት መንገድ ባለው መሣሪያ ሲልኩ ነው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን አንዲት ነጥብ ሆኖ ያርፋል፣ ማለትም የቅንጣት ጠባይ አለው፤ ነጥቦቹ በብዙ ሺሕ ሲጠራቀሙ ግን የግድግዳዎ ዓይነት ፍርርቅ ይሠራሉ። በየትኛው መንገድ እንዳለፈ የሚመዘግብ ነገር ከተጨመረ ደግሞ ፍርርቁ ይጠፋል። ይህን የሚያደርገው የሰው ዓይን እንዳልሆነ የሚያሳየው፣ ለኔ ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ሙከራ ቪየና ውስጥ የተሠራው ነው፤ እዚያ 70 የካርቦን አቶሞች ያሏቸው ሞለኪውሎች በጣም ሲሞቁ በጉዞ ላይ እያሉ ብርሃን ይረጫሉ፣ ያ ብርሃንም የት እንደነበሩ መረጃ ይዞ ይወጣል፤ ማንም ሰው ብርሃኑን ባያየው እንኳ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ፍርርቁ እየደበዘዘ ሄደ። ስለዚህ በገጽዎ ላይ «መመልከት» የሚለውን ሰርዘው «ከአካባቢው ጋር ተነካክቶ አሻራ መተው» ብለው ይጻፉ፤ ግማሹ ጭጋግ ወዲያው ይገፈፋል።

የሚቀረው ግማሽ ቀላል አይደለም። አንድ ጥንድ ጫማ ለያይተው አንዱን እግር ወደ ጅማ ሌላውን ወደ መቀሌ ቢልኩ፣ ጅማ ላይ ግራው ሲወጣ መቀሌ ያለው ቀኝ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል፤ በዚህ የሚደነቅ የለም፣ ጫማዎቹ ሲላኩም ግራና ቀኝ ነበሩና። ከአንድ ምንጭ አብረው ወጥተው የልኬት ውጤታቸው የተዛመደ፣ «የተሳሰሩ» የሚባሉ የኳንተም ቅንጣቶችም እንዲሁ መልሳቸውን ይዘው የሚነሡ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ያበቃ ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል በ1964 ጀምሮት ሌሎች በ1969 ባሻሻሉት ስሌት የታየው፣ ቅንጣቶቹ መልሳቸውን ከመነሻው ይዘው ከሄዱና ከብርሃን የፈጠነ ተጽዕኖ በመካከላቸው ከሌለ፣ በተለያየ አቅጣጫ ከሚደረጉ ልኬቶች ተደምሮ የሚወጣ አንድ ቁጥር ከ2 ሊበልጥ እንደማይችል ነው፤ የኳንተም ስሌት ግን ቁጥሩን እስከ 2.83 ድረስ ያደርሰዋል። እንግዲህ ለዘመናት የፍልስፍና የነበረው ጥያቄ በቁጥር የሚዳኝ ሆነ። በ1972 ጆን ክላውዘር ከባልደረባው ጋር፣ በ1982 ደግሞ አለን አስፔ የዚህን ዓይነት ወሰን ፈተሹ፤ በሁለቱም ሙከራ ወሰኑ ተጣሰ። ሁለቱ ከአንቶን ሳይሊንገር ጋር በ2022 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። የጫማው ምሳሌ ወድቋል።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያውስ ከብርሃን የፈጠነ ስልክ ይሠራ» እንዳይል፣ በጅማም ሆነ በመቀሌ የሚገኘው ውጤት ለብቻው ሲታይ እንደ ሳንቲም ውርወራ ዘፈቀደ መሆኑን ከጎኑ ይጻፍ፤ ዝምድናው የሚገለጠው ሁለቱ ሰዎች ማስታወሻቸውን በተራ መንገድ ሲያስተያዩ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው «ታዲያ በእውነት ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ በሦስተኛው ወገን ይመደባል። ዓለም በየልኬቱ ቅርንጫፍ ያወጣል የሚሉ አሉ፣ የተሰወረ መሪ ሞገድ አለ የሚሉ አሉ፣ ሒሳቡ የእኛን ዕውቀት እንጂ ነገሩን አይገልጽም የሚሉም አሉ፤ እስካሁን በተሠራው ልኬት ሁሉም አንድ ቁጥር ስለሚሰጡ ከመካከላቸው አንዱን የመጨረሻ እውነት አድርጎ የሚነግርዎትን ሰው በጥርጣሬ ያድምጡ።

ገና ያልተፈቱት

በእውነት ክፍት የሆነ ጥያቄ ለማየት የሚሻ በኅዳር ወር ጨረቃ የሌለበትን ምሽት መርጦ እንጦጦ ይውጣና የከተማውን መብራት ከጀርባው አድርጎ ወደ ሰሜን ይመልከት፤ ሰማዩ ከጠራ አንድሮሜዳ የተባለችው ጋላክሲ እንደ ደብዛዛ ጉም ያለ መሣሪያ ትታያለች። ያ ብርሃን ከተነሣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል፤ አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም የምትታወቀው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ስላላት፣ ብርሃኑ ጉዞ የጀመረው እርሷ ካለፈች ከብዙ መቶ ሺሕ ዓመታት በኋላ ነው። በ1970 ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ ይህችኑ ጋላክሲ ሲለኩ ያገኙት ነገር እስካሁን ያከራክራል። በሥርዓተ ፀሐያችን ሜርኩሪ በሴኮንድ 47 ኪሎ ሜትር፣ ምድር 30፣ ሩቅ ያለው ኔፕቲዩን 5.4 ይጓዛሉ፤ ከመካከሉ የራቀ ይዘገያል። የአንድሮሜዳ ዳር ግን እንደሚጠበቀው አልዘገየም። ወይ የማይታይ ቁስ በዙሪያዋ አለ፣ ወይ የስበት ሕጋችን በዚያ ስፋት መታረም አለበት። ብርሃን በጋላክሲ ክምችቶች አጠገብ ሲታጠፍ የሚታየውና ሌላውም ማስረጃ ወደ መጀመሪያው ያጋድላል፤ ስሌቱም የማይታየው ቁስ ከሚታየው አምስት እጥፍ ገደማ ነው ይላል። ነገር ግን የቁሱን ቅንጣት የያዘ መሣሪያ እስካሁን የለም።

ሁለተኛው ክፍት ገጽ አጭር ነው። የአጽናፈ ዓለምን የመስፋት ፍጥነት ከአጽናፈ ዓለም ልጅነት ከተረፈው ጥንታዊ ጨረር ተነሥተው የሚያሰሉት 67 ያገኛሉ፣ በቅርብ ያሉ ከዋክብትንና ፍንዳታዎቻቸውን የሚለኩት አብዛኛውን ጊዜ 73 ያገኛሉ፤ መለኪያው በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት በሴኮንድ የሚጨመር ኪሎ ሜትር ነው። ልዩነቱ የልኬት ስሕተት ይሁን ያልታወቀ ሕግ ምልክት ገና አልተወሰነም።

ዜና ሲመጣና ሰው ሲጠየቅ

«አንስታይን ተሳሳተ» የሚል ዜና በቴሌግራም ሲደርስዎ፣ ከማጋራትዎ በፊት የ2011ን ነገር ያስታውሱ። ከጄኔቭ ወደ ጣሊያኑ ግራን ሳሶ 730 ኪሎ ሜትር የተጓዙ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ከብርሃን በ60 ናኖ ሴኮንድ ቀድመው የደረሱ መሰለ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ተጠራጥረው ሌሎች እንዲፈትሹት ጠየቁ፤ በተከታዩ ዓመት በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ኬብል ከመንሥኤዎቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በዜናው ውስጥ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ የተለካውን ቁጥር፣ የቁጥሩን የስሕተት ወሰን፣ ሌላ ቡድን ደግሞት እንደሆነ። ሦስቱም ከሌሉበት ለሁለት ዓመት ያቆዩት።

ለማንበብ አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጸጥታም ወንበርም አለው፤ እኛም ቅዳሜ ጠዋት እዚያ አንብበን ከሰዓት በኋላ ቡና ቤት እንገናኛለን። በንባብ የማይፈታ ጥያቄ ሲገጥምዎ በዚያው አካባቢ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ግቢ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ የፊዚክስ መምህር ወይም የድኅረ ምረቃ ተማሪ ዘመድ ያለው ጓደኛ ይፈልጉ። ሲጠይቁ ግን «ጌታዬ፣ ጊዜ ምንድን ነው?» አይበሏቸው፤ ለዚህ በትሕትና አገር ይሰጥዎታል እንጂ መልስ የለውም። ደብተርዎን ገልጠው እንዲህ ይበሉ፦ «መምህር፣ በተራራው ላይ 563 ሙዮን ከተቆጠረ ከታች 27 ይጠበቅ ነበር፣ የተገኘው 408 ነው። ይህንን ከምድር ሰዓት አንጻር አስልቼ ተረድቼዋለሁ፤ ለሙዮኑ ግን የምድር ሰዓት ነው የሚዘገየው ይባላል፣ ታዲያ ሁለቱም የሌላው ሰዓት ዘገየ እያሉ እንዴት አይጣሉም?» የመድኃኒት ባለሙያዋ ጓደኛችን ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ ተማሪ ስታቀርብ፣ ልጁ ሌላ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስክሪብቶ ጠየቃት።